ሁለተኛ ዲግሪ ያሰበች እናት ምን አስቀድማ ታስላ?

ትምህርት በዕድሜ፣ በጋብቻና በወሊድ የሚወሰን አለመሆኑን ሁላችንም በአፋችን እንናገራለን። ነገሩ ወደ ገዛ ቤታችን ሲመጣ ግን አነጋገራችን ይለወጣል። «ልጆቹ ትንሽ ከፍ ይበሉ»፣ «የቤት ኪራዩ ይቅለል»፣ «መጀመሪያ እሱ ይጨርስ፤ እኔ እደርስበታለሁ» እንላለን። ልጆቹ ከፍ ይላሉ፤ ኪራዩ ግን አይቀልም፤ ዓመቱም አይጠብቅም።

በዚህ ሳምንት ዓምዳችን የምናነጋግረው በጤና ጣቢያ፣ በሆስፒታልና በጤና ቢሮ የሚሠሩ፣ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ይዘው በኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የሚያስቡ እናቶችን ነው። ከነዚህ አንባቢዎቻችን በተደጋጋሚ የሚነሣው ጥያቄ ሁለት ነው፤ «እንዴት አመልክቼ እገባለሁ? ገንዘቡንስ ከየት አመጣለሁ?» ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። ሁለቱም መልስ አላቸው። መልሱ ግን በአንድ ቀን የሚገኝ ሳይሆን ከምዝገባው ቢያንስ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የሚጀመር ሥራ ነው። ውድ አንባቢያችን፣ እስቲ እስክሪብቶና ወረቀት ይያዙና አብረን እናስላ።

ትምህርቱ ምንድን ነው?

ከሁሉ አስቀድሞ የሚማሩትን ማወቅ ያስፈልጋል። ሐኪሟም ሆነች ነርሷ አንድ በሽተኛ ፊቷ ተቀምጦ ታያለች፤ እሱን ታክማለች። የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ ግን «ይህ ሰው ለምን ታመመ? ከዚሁ ቀበሌ ስንቱ እንደ እሱ ታመመ? ነገ እንዳይታመም ምን መደረግ አለበት?» ብላ ትጠይቃለች። የመጀመሪያዋ የምትሠራው በአልጋ ራስ ላይ ነው፤ የሁለተኛዋ ሥራ በውኃው ጉድጓድ፣ በክትባቱ መዝገብ፣ በወሊድ ክፍሉ አሠራርና በበጀቱ ላይ ነው።

በአገራችን ይህ ሙያ የተወለደው ከችግር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጀመሪያ በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ፈጀ። ያን ጊዜ ሐኪም በቁጥር እንኳ አልነበረም ለማለት ይቻላል። ከዚህ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ፤ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን እያሠለጠነ በየገጠሩ ማሠማራት ጀመረ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የጅማ የጤና ሳይንስ ተቋም ተመሠረተ፤ በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኅብረተሰብ ጤና የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት መስጠት ጀመረ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ ከሠላሳ ሺህ በላይ ሠራተኞችን፣ አብዛኞቹንም ሴቶችን፣ በየቀበሌው አሰማርቷል። ስለዚህ በዚህ ሙያ ውስጥ የሴት እጅ አዲስ አይደለም። በመዝገቡ ላይ ቁጥር የምትሞላው ሴት ናት። ያንን ቁጥር አንብባ ውሳኔ ወደሚሰጥበት ጠረጴዛ እንድትቀርብ የሚያደርገው አንዱ መንገድ ደግሞ ይህ ትምህርት ነው።

ትምህርቱ በመደበኛው ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይወስዳል። በአጠቃላይ የኅብረተሰብ ጤና የሚማሩ አሉ፤ በኤፒዲሚዮሎጂ፣ በሥነ ተዋልዶ ጤና፣ በሥነ ምግብ፣ በጤና አገልግሎት አስተዳደር፣ በጤና ማበልጸግ ወይም በባዮስታትስቲክስ ለይተው የሚማሩም አሉ። የሚመርጡትን ሲመርጡ «የትኛው ይቀላል?» ብለው አይጠይቁ። «እስካሁን ስሠራ የኖርኩት ሥራ ወደ የትኛው ይመራኛል?» ብለው ይጠይቁ። አሥር ዓመት በማዋለጃ ክፍል የቆየች እናት ሥነ ተዋልዶ ጤናን ብትመርጥ ዓመታቷ አብረዋት ይማራሉ፤ የምታየው እያንዳንዱ ሠንጠረዥ ከምታውቀው ፊት ጋር ይገናኝላታል።

ሌላም መንገድ አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2009 ጀምሮ በአገራችን የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ ሥልጠና ሲሰጥ ቆይቷል። ይህ ሥልጠና ከክፍሉ ይልቅ የወረርሽኝ ቅኝትና ምርመራ በሚካሄድበት ሥፍራ የሚያውል፣ በሁለተኛ ዲግሪ የሚያስመርቅ ነው። ነገር ግን ድንገት ተነሥቶ ወደ መስክ መውጣትን ይጠይቃል። ጡት የሚጠባ ልጅ ያላት እናት ይህን አስቀድማ ልታስብበት ይገባል።

ማመልከቻው በአንድ ሳምንት አይሰበሰብም

ለመግባት የመጀመሪያ ዲግሪ የግድ ነው። ዲፕሎማ ብቻ ያላት እኅት ወደ ሁለተኛው ከመዝለሏ በፊት የመጀመሪያውን መጨረስ አለባት፤ በአቋራጭ የሚያስገባ አለ የሚልዎት ሰው ቢኖር ጆሮዎን አይስጡት። ከጤና መኮንንነት፣ ከነርስነት፣ ከአዋላጅነት፣ ከአካባቢ ጤና፣ ከላቦራቶሪ፣ ከፋርማሲና ከሕክምና የሚመጡ አመልካቾች አሉ። የትኛው የትምህርት ክፍል ማንን እንደሚቀበል በማስታወቂያው ላይ ስለሚገለጽ ማስታወቂያውን ከርዕሱ እስከ ግርጌው ማንበብ ይገባል።

ከ2016 የትምህርት ዘመን ወዲህ በሁለተኛ ዲግሪ መማር የሚሻ ሁሉ ትምህርት ሚኒስቴር የሚያዘጋጀውን አገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና እንዲያልፍ ይጠበቅበታል። ይህ ፈተና የሕክምና ዕውቀት አይደለም የሚጠይቀው፤ በእንግሊዝኛ አንብቦ የመረዳት፣ በቁጥር የማስላትና ነገርን የማመዛዘን ችሎታን ነው። ከትምህርት ቤት ከወጣን በኋላ ሒሳብ የነካንበት ጊዜ በሱቅና በገበያ ብቻ ከሆነ አሥር ዓመት ለሞላን ሰዎች ይህ ሊያስደነግጥ ይችላል። ሆኖም መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በየማታው ልጆቹ የቤት ሥራቸውን ሲሠሩ እርስዎም አብረው ጠረጴዛው ላይ ቢቀመጡና አርባ ደቂቃ ቢለማመዱ በስድስት ወር ውስጥ ብዙ ይራመዳሉ። የስምንተኛ ክፍል ልጅዎ የመቶኛ ስሌት ቢያስረዳዎት ደግሞ የሚያሳፍር ሳይሆን ልጁን የሚያኮራ ነው።

ከፈተናው ሌላ የሚጠየቁት ወረቀቶች በየተቋሙ ጥቂት ይለያያሉ። ዋና ዋናዎቹ ግን የታወቁ ናቸው፤ የዲግሪው ኮፒ፣ ትራንስክሪፕት፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ፣ የድጋፍ ደብዳቤዎች፣ መሥሪያ ቤት የሚልክዎት ከሆነም የስፖንሰር ደብዳቤ። ከነዚህ ሁሉ እናቶችን ሲያንገላታ የምናየው ትራንስክሪፕቱ ነው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በእጅ የሚሰጥ ሳይሆን ከተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ወደሚያመለክቱበት በቀጥታ የሚላክ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ከሆነም በደንብ ቁጥር 91/1995 የተጀመረው የወጪ መጋራት ዕዳ አለብዎት፤ ይህ ዕዳ ከደመወዝ በየወሩ እየተቆረጠ የሚከፈል ነው። መሥሪያ ቤትዎ በእርግጥ ሲቆርጥ መኖሩን፣ ስንት እንደተከፈለና ስንት እንደቀረ የሚገልጽ ማስረጃ አስቀድመው ያውጡ። ማስረጃው የሚጎድል ከሆነ የሚታወቀው በማመልከቻው የመጨረሻ ሳምንት ሳይሆን ከስድስት ወር በፊት ቢሆን ይሻላል።

የድጋፍ ደብዳቤውን በሚመለከት አንድ ምክር እንስጥ። ደብዳቤውን የሚጽፍልዎት ሰው ሥልጣኑ ትልቅ ቢሆን ደስ ይላል፤ ሥራዎን የማያውቅ ከሆነ ግን ደብዳቤው «ጠባየ መልካምና ታታሪ ናት» ከማለት አያልፍም። ስለዚህ ሥራዎን በዓይኑ ያየ የቅርብ ኃላፊ ወይም ያስተማረዎ መምህር ይምረጡ። ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይጠይቁት፤ ስለሠሩት ሥራም ግማሽ ገጽ ማስታወሻ ጽፈው ይስጡት።

ለምን መማር እንደሚፈልጉ የሚገልጽ ጽሑፍ ከተጠየቁ ደግሞ «ሕዝቤን ለማገልገል ከልጅነቴ ጀምሮ ምኞቴ ነበር» ብለው አይጀምሩ። ይህን ሁሉም ይጽፈዋል። የሚያውቁትን ይጻፉ። ለምሳሌ «በምሠራበት ጤና ጣቢያ የመጀመሪያውን የእርግዝና ክትትል ከሚጀምሩ 40 እናቶች መካከል ለአራተኛው የሚመለሱት 25 ብቻ ናቸው፤ የቀሩት አሥራ አምስቱ የት እንደሚቀሩ ማወቅ እፈልጋለሁ» ብትል አንዲት አዋላጅ፣ ጽሑፏን የሚያነብ መምህር ቀና ብሎ ይቀመጣል። ቁጥሩ የራስዎ፣ ጥያቄውም የራስዎ ይሁን። ይኸው ጥያቄ በሁለተኛው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍዎ ሊሆን ይችላል።

ተቋሙ የግል ከሆነ ከመመዝገብዎ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሰጠው መሆኑን ያረጋግጡ። ዕውቅናው ለትምህርት ቤቱ ስም ብቻ በጅምላ የሚሰጥ አይደለም፤ ለሚማሩት የትምህርት ዓይነት፣ ለሚማሩበት ግቢና ለሚማሩበት መንገድ፣ ማለትም በመደበኛ፣ በማታ ወይም በርቀት መሆኑ፣ ተለይቶ መጠየቅ አለበት። በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት ማየት አይበቃም፤ ከባለሥልጣኑ ዘንድ ይጠይቁ። ሁለት ዓመት ተምሮ የማይታወቅ ዲግሪ ይዞ መመለስ ገንዘብንም ልብንም ይሰብራል።

ገንዘቡ፤ የሚታየውና የማይታየው

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ብዙዎቻችን «ትምህርቱ ስንት ነው?» ብለን ስንጠይቅ የምንሰማው የክሬዲት ሰዓቱን ክፍያ ብቻ ነው። ለማስላት እንዲመች ብቻ ምሳሌ እንውሰድ፤ ዋጋው በየተቋሙ ስለሚለያይ እርስዎ በራስዎ ቁጥር ይተኩት። ትምህርቱ 45 ክሬዲት ሰዓት ቢሆንና ለአንዱ 1,200 ብር ቢጠየቅ 54,000 ብር ይሆናል። እናት ይህን ቁጥር ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ ከባሏ ጋርም በዚሁ ትነጋገራለች።

ነገር ግን በሳምንቱ መጨረሻ ለመማር ለታክሲ በሳምንት 200 ብር ብታወጣ፣ በዓመት 40 ሳምንት፣ በሁለት ዓመት 16,000 ብር ነው። ቅዳሜና እሁድ ልጆቹን ለምትይዝላት ሴት በሳምንት 500 ብር ብትከፍል 40,000 ብር ይሆናል። ለኮምፒውተር 35,000 ብር፣ ለመመረቂያው ጥናት ደግሞ መረጃ ለሚሰበስቡ ሰዎች አበል፣ መጓጓዣ፣ ማባዣና መጠረዣ 25,000 ብር ብንገምት ጠቅላላው 170,000 ብር ይደርሳል። የትምህርት ክፍያው፣ ማለትም 54,000ው፣ ከዚህ ሲሶውን እንኳ አይሞላም። ብዙ እናቶች በሁለተኛው ዓመት መንገድ ላይ የሚቀሩት ክፍያውን ስላልቻሉ ሳይሆን ያላሰሉት ሁለት እጅ ስለደረሰባቸው ነው።

በዚህ ላይ አንድ የማይታይ ወጪ ይጨመራል። እርሱም የሚቀረው ገቢ ነው። በሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ከደመወዟ ሌላ የተረኛነት ክፍያ አላት። ቅዳሜና እሁድ ትምህርት ላይ ከዋለች ወይም በመደበኛ ትምህርት ከሄደች ያ ክፍያ ይቀራል። ላለፉት ስድስት ወራት ከተረኛነት ያገኙትን ደምረው ለስድስት ያካፍሉት፤ ያ ቁጥር በየወሩ ከቤቱ የሚጎድለው ነው።

ቁጥሩ አያስፈራራዎ። ቁጥር የሚያስፈራው ሳይታወቅ ሲቀር ነው። ከላይ ያሰላነውን 170,000 ብር በሁለቱ የትምህርት ዓመታት፣ ማለትም በ24 ወር ብቻ ብናካፍለው በወር ከ7,000 ብር በላይ ይወጣል። ከምዝገባው አንድ ዓመት ቀደም ብላ መቆጠብ ለጀመረች እናት ግን በ36 ወር ሲካፈል ወደ 4,700 ብር ይወርዳል። ለዚህ ነው በመግቢያችን ላይ አንድ ዓመት ቀደም ይበሉ ያልነው። ያ ዓመት የመጠበቂያ ዓመት አይደለም፤ ፈተናውን የሚለማመዱበት፣ ወረቀቱን የሚያሟሉበት፣ ብሩን የሚያጠራቅሙበት ዓመት ነው።

ምንጩን በሚመለከት ከእኛ ዘንድ የቆዩ መንገዶች አሉ። እቁብ አንዱ ነው። ሃያ ሰው በየወሩ 3,000 ብር ቢጥል ዕጣው 60,000 ብር ነው። ችግሩ ዕጣው መቼ እንደሚወጣ አለመታወቁ ነው። ስለዚህ እቁቡ ሲጀመር ለዳኛው «የምመዘገበው በመስከረም ነው» ብለው ይንገሩ፤ ብዙ እቁቦች ለሠርግ፣ ለሐዘንና ለትምህርት ተራ ያስቀድማሉ ወይም ይለዋወጣሉ። ዕጣው ከምዝገባው ቀድሞ ከወጣልዎት ደግሞ ለብቻው በተከፈተ የባንክ ደብተር ያስቀምጡት። በቤት ውስጥ የተቀመጠ የትምህርት ብር መጀመሪያ በጤፍ፣ ቀጥሎ በበዓል፣ በመጨረሻም በእንግዳ ያልቃል።

በመሥሪያ ቤትዎ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ካለ ዛሬውኑ አባል ይሁኑ። ብዙዎቹ ለመበደር የተወሰነ ጊዜ መቆጠብን ይጠይቃሉ፤ የሚያበድሩትም በቆጠቡት መጠን እያሰሉ ነው። ለትምህርት ብለው ከግለሰብ በአራጣ መበደር ግን በምንም መንገድ አይመከርም። ወርቅ ያላት እናት ደግሞ ወርቋን በመጀመሪያው ሴሚስተር አትሽጥ። የጥናቱ ወራት ሲደርስ ወጪ በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ ወርቁ ለዚያ ጊዜ ተጠባባቂ ሆኖ ይቆይ፤ ምናልባትም ሳያስፈልግ ይቀራል።

መሥሪያ ቤት ሲያስተምር

ከሁሉ የሚሻለው መሥሪያ ቤትዎ በስፖንሰርነት ቢያስተምርዎት ነው። ደመወዝ እየተከፈለ፣ የትምህርት ክፍያም እየተሸፈነ መማር ትልቅ ዕድል ነው። ይህ ዕድል ግን ውል አለው። ተማሪዋ ስትጨርስ ለተወሰነ ዘመን ተመልሳ ለማገልገል ትፈርማለች፤ ባታገለግል ወጪውን ትመልሳለች፤ ለዚህም ብዙ ጊዜ ዋስ ትጠራለች። ዋሱ ወንድምዎ ወይም የባልዎ ወንድም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ውሉ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ የሌላ ሰው ደመወዝም ተይዞበታል።

ከመፈረምዎ በፊት አራት ነገር ይጠይቁ። የአገልግሎት ግዴታው ስንት ዓመት ነው? በትምህርት ላይ ሳለሁ ብወልድ የትምህርቱ ዘመን እንዴት ይራዘማል? ባለቤቴ ወደ ሌላ ከተማ ቢዛወር እኔም ተዛውሬ ግዴታዬን በዚያ ልፈጽም እችላለሁን? ስመለስስ በሁለተኛ ዲግሪ የሚያሠራ መደብ አለን? የመጨረሻው ጥያቄ የብዙዎችን ተስፋ የሚነካ ነው። ዲግሪ በራሱ ደመወዝ አይጨምርም፤ ደመወዝ የሚጨምረው መደቡ ሲኖርና ተወዳድረው ሲያገኙት ነው። በዚህ ቁጥር ላይ ተማምኖ የተበደረ ሰው ከምረቃ በኋላ ዕዳውን በድሮው ደመወዝ ሲከፍል ይገኛል።

በአንድ ወቅት ሐሳቧን ያካፈለችን የሦስት ልጆች እናት፣ አዋላጅ ነርስ፣ ሦስተኛ ልጇን የወለደችው በትምህርት ላይ ሳለች ነበር። «ጓደኞቼ ዝም ብለሽ ቅሪ፣ ስትነሺ ትመለሻለሽ አሉኝ፤ እኔ ግን ነፍሰ ጡር መሆኔን እንዳወቅሁ ለሬጅስትራሩ በጽሑፍ አመለከትሁ» ብላለች። በሕጋዊ መንገድ ትምህርቷን አቋርጣ በተከታዩ ዓመት ካቆመችበት ቀጠለች። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው በጽሑፍ ፈቃድ ጠይቆ ማቋረጥና ዝም ብሎ መቅረት የተለያዩ መሆናቸውን ነው። የመጀመሪያው የመመለሻ በር ያስቀምጣል፤ ሁለተኛው ግን ውጤትንም ውልንም ሊያበላሽ ይችላል። ለአሠሪዋም ግልባጩን ሰጥታ ስለነበር ዋሷ አንድ ቀን እንኳ አልተጠራም።

ባሕር ማዶ ለሚያስቡ

የውጭ አገር የነፃ ትምህርት ዕድል ለሚከታተሉ እናቶችም ጥቂት እንበል። የእንግሊዝ መንግሥት ቺቭኒንግ የተባለው ዕድል ለአንድ ዓመት የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ሙሉ ወጪ ይሸፍናል፤ ቢያንስ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የተማረውም ሰው ወደ አገሩ ተመልሶ ሁለት ዓመት እንዲቆይ ያስገድዳል። ነገር ግን ቺቭኒንግ ለቤተሰብ ወጪ አይከፍልም። በዚያ ላይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከጥር 2024 ወዲህ በእንግሊዝ አገር በክፍል ትምህርት የሚሰጥ ሁለተኛ ዲግሪ የሚማሩ የውጭ ተማሪዎች፣ በመንግሥት የነፃ ትምህርት ዕድል ከሚማሩት በስተቀር፣ ባልና ልጆቻቸውን በጥገኝነት ይዘው እንዲገቡ አይፈቀድላቸውም። ስለዚህ እናት ይህን ስትመርጥ ልጇን በራሷ ወጪ ይዛ መሄድን ወይም አንድ ዓመት ሙሉ ከልጇ መለየትን አስባ መምረጥ አለባት። አንዳንዷ ትችለዋለች፤ አንዳንዷ አትችለውም። ሁለቱም አያስነቅፍም።

ዳአድ በሚባለው የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት በኩል ለታዳጊ አገሮች ባለሙያዎች የሚሰጥ ዕድልም አለ። ይህ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ሁኔታው ከተሟላም አብሮ ለሚሄድ ቤተሰብ ተጨማሪ አበል ይሰጣል። በራሳቸው ገንዘብ ወደ ጀርመን መሄድ የሚያስቡ ግን አንድ ነገር ይወቁ፤ ለቪዛ የዓመት መተዳደሪያ የሚሆን ገንዘብ በዝግ ሒሳብ ማስቀመጥ ይጠየቃሉ። ይህ መጠን በመስከረም 2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወደ 11,904 ዩሮ ከፍ ተደርጓል። «ጀርመን ትምህርት በነፃ ነው» የሚለው ወሬ ይህን ገንዘብ አይጨምርም።

በርቀት መማርም ይቻላል። በ1899 የተመሠረተው የለንደን የንጽህናና የሐሩር አገር ሕክምና ትምህርት ቤት የኅብረተሰብ ጤናን በርቀት ያስተምራል፤ ተማሪዋ ከቤቷ ሳትወጣ በበርካታ ዓመታት ከፋፍላ ልትጨርሰው ትችላለች። ክፍያው ግን በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ያለ ድጋፍ ለእኛ ደመወዝ ከባድ ነው።

በመጨረሻም ስለ ደላሎች። «ስኮላርሺፑ አልቆልሻል፤ ለማስጨረሻ ይህን ያህል ላኪ» የሚል መልእክት ቢደርስዎ ገንዘብዎን አይላኩ። ዩኒቨርሲቲ የማመልከቻ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል፤ ይህ በራሱ ማስታወቂያ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የነፃ ትምህርት ዕድል ለማግኘት ለግለሰብ የሚከፈል ገንዘብ ግን ነፃ የሚለውን ስም ራሱን ይቃረናል።

ቤቱ ምን ይላል?

ይህን ሁሉ አስልተው ሲጨርሱ የመጨረሻው ማመልከቻ የሚቀርበው ለዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ለቤት ነው። በአብዛኛው ቤት ባል ሲማር ሚስት ምሳ ቋጥራ፣ ልጅ ይዛ፣ እንግዳ መልሳ ታስተምረዋለች፤ ይህም እንደ ተራ ነገር ይታያል። ሚስት ስትማር ግን «ፈቅጄላታለሁ» ይባላል። ፈቃድ ብቻውን ልጅ አያጥብም፤ እራትም አያቀርብም። ስለዚህ ከባለቤትዎ ጋር ሲነጋገሩ «ልማር ወይ?» ብለው አይጠይቁት። የሳምንቱን ቀናት በወረቀት ላይ ጽፈው በእያንዳንዱ ቀን ማን ልጁን ከትምህርት ቤት እንደሚያመጣ፣ ማን እራት እንደሚያቀርብ፣ ፈተና ሲደርስ ማን ሌሊት ለሕፃኑ እንደሚነሣ ይሙሉ። ባዶ የቀረው ሣጥን የሚያሳየውን ችግር ያኔውኑ ይፍቱት።

እናትዎ ወይም አማትዎ ልጆቹን ለመያዝ ቢመጡ ትልቅ በረከት ነው። ቢሆንም እርሳቸውም ሰው ናቸውና የዕረፍት ቀን ይኑራቸው። ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ እናት ደግሞ ከጎረቤቷ ጋር ተራ ብትገባ፣ አንድ ቅዳሜ የአንዷ፣ አንድ እሁድ የሌላዋ ልጆች በአንድ ቤት ቢውሉ፣ ከላይ ያሰላነውን 40,000 ብር ወደ ግማሽ ማውረድ ትችላለች። ለልጆቹም «እማዬ ትምህርት ቤት ናት» ማለት ከሚያሳስበን ይልቅ ቀላል ነው። ልጆች የሚጎዱት እናታቸው በመማሯ ሳይሆን መቼ እንደምትመለስ ሳይነገራቸው ሲቀር ነው።

ለእድሩ፣ ለማኅበሩ፣ ለለቅሶውና ለልደቱም ነገሩን አስቀድመው ይንገሩ። «በሁለቱ ዓመት በቅዳሜ አልገኝም፤ መዋጮዬ ግን አይቀርም» ብላ በግልጽ የተናገረች ሴትን ሰው ያከብራታል። ሳትናገር የቀረችን ግን ያማታል።

አስልተው ሲጨርሱ ምናልባት መልሱ «በዚህ ዓመት አይሆንም» ሊሆን ይችላል። ይህም መልስ ነው። የማይሆንበትን ምክንያት በቁጥር ያወቀች እናት ምክንያቱን ልታስተካክል ትችላለች፤ ዕዳው ሲያልቅ፣ ሕፃኑ ጡት ሲጥል፣ መደቡ ሲፈቀድ የትኛውን በር እንደምታንኳኳ ታውቃለች። «አንድ ቀን» ብላ ከተወችው ግን ያ ቀን በቀን መቁጠሪያ ላይ የለም።

ስለዚህ ውድ አንባቢያችን፣ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ብቻ ያድርጉ። አንድ ገጽ ወረቀት ወስደው በግራ በኩል ወጪውን፣ በቀኝ በኩል ምንጩን፣ ከታች ደግሞ የምትጎድለዋን ወረቀት ይጻፉ። ነገ ከሥራ ሲወጡ ያቺን ወረቀት ለማውጣት ወደሚመለከተው ቢሮ ይሂዱ። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ዓምድ የምትማር እናት ጡት የሚጠባ ልጇን እንዴት እንደምትመግብ እንመለከታለን። እስከዚያው ደኅና ይሰንብቱ።